ቃሊቲ ትፈለጋለህ

እኛ የአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪዎች ስማችን ቀድሞን የሚደርስ ሰዎች ነን። ሠርግ ላይ ከማናውቀው ሰው ጎን ተቀምጠን «ሰፈርህ የት ነው?» ስንባል «ቃሊቲ» ካልን፣ ሰውየው መጀመሪያ ፊታችንን ያጠናል፤ ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መቼ ወጣህ?» ይላል። ማረሚያ ቤቱ የሰፈሩን ስም ጠቅልሎ ወስዶታል። ጉምሩክ አለን፣ ፓስታ ፋብሪካ አለን፣ መንጃ ፈቃድ ፈላጊው ላቡን ያፈሰሰበት ሜዳ አለን፣ በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ የሚያበቃው እኛው ጋ ነው ብለን ብንዘረዝር ሰሚ የለም። ሰውየው «አይዞህ፣ ያልፋል» ብሎ ሥጋ ይጨምርልናል።

እንዲህ ባለ ሰፈር ለሚኖር ሰው ክብ ማኅተም ያረፈበት የፍርድ ቤት መጥሪያ ሲደርሰው ቤቱ ምን እንደሚመስል መገመት ነው። መጥሪያውን ያመጣው ሰው ገና ከግቢው ሳይወጣ ወሬው ሱቁ ጋ ደርሷል። እናት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ብቅ ትላለች። ወንድም «ለዋስ የሚሆን የቤት ካርታ ያለው ማነው?» እያለ ዘመድ ይቆጥራል። የእድሩ ጸሐፊ ያልተከፈለ ወር እንዳለ ለማየት መዝገቡን ይገልጣል። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው መስመር ያነበበ ግን የለም። መጨረሻው መስመር ላይ «ለምስክርነት እንዲቀርቡ» ይላል።

ፍርድ ቤት የጠራውን ሁሉ ተከሳሽ ማድረግ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ባሕር ተሻግሮም ሰውን ይከተላል። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ዜግነት ባገኘች በዓመቱ ለጁሪነት ተጠራች። ጁሪ ማለት እንግዲህ ሕግ ያልተማረ ተራ ዜጋ በዕጣ ተጠርቶ፣ በወንጀል ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ ከሌሎች 11 ሰዎች ጋር ተቀምጦ፣ «ጥፋተኛ ነው» ወይም «አይደለም» የሚልበት ሥርዓት ነው። ስሙ የሚወጣው ከመራጮችና ከመንጃ ፈቃድ መዝገብ ነው። እሷ ግን ፖስታውን እንደከፈተች መጀመሪያ የደወለችው ለጠበቃ አይደለም፤ አቃቂ ላሉት እናቷ ነው። አክስቴም ሳይውሉ ሳያድሩ ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ተሳሉ።

ልጅቱ በቀጠሮው ቀን ሄደች። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ከብዙ ሰው ጋር ስትጠብቅ ዋለች። ከሰዓት በኋላ ጠበቆቹ ጥቂት ጠያየቋትና «አንፈልግሽም፣ እናመሰግናለን» ብለው ሸኟት። አክስቴ ይህን ሲሰሙ እልል አሉ። «ታዲያ ነጻ አወጡሽ ማለት ነው!» የጃንጥላው ስለት ሠርቷል። ልጅቱ ተከሳሽ እንዳልነበረች እስከ ዛሬ ልናስረዳቸው ሞክረን አልተሳካልንም። «ካልከሰሷት ምን ብለው ጠሯት?» ይላሉ፤ ለዚህ ደግሞ መልስ የለንም።

በእኛ አገር ጁሪ የለም። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት የስዊዘርላንዱ ሰው ዣን ግራቨን ናቸው፤ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ላይ ግን በማላያ ዋና ዳኛ የነበሩት እንግሊዛዊ፣ ሰር ቻርለስ ማቲው፣ ትልቅ እጅ አላቸው። ከእንግሊዞች ቤት የመጣውን ዕቃ ስናይ ዋና ጥያቄ አለ፣ መስቀለኛ ጥያቄ አለ፣ ድጋሚ ጥያቄ አለ። መስቀለኛው መጣ፣ ጁሪው እዚያው ቀረ።

እኔ ብጠየቅ መቅረቱ ደግ ነው። እስቲ 12 የአቃቂ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶባቸው «ተወያዩና ፍረዱ» ተባሉ እንበል። የመጀመሪያው ሰዓት ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ በመምረጥ ያልቃል። ገንዘብ ያዡ ለምን እንዳስፈለገ የሚጠይቅ አይኖርም፤ ገንዘብ ያዥ ሳይኖር ሰው ተሰብስቦ ያውቃል? ቀጥሎ ለቡና መዋጮ ይሰበሰባል። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ አንደኛዋ እናት ተከሳሹ በእናቱ በኩል የሚዛመዳቸው መሆኑን ይደርሱበታል። አንዱ ደግሞ የከሳሹ አባት በአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለቃው እንደነበሩ ያስታውሳል፤ ትዝታው አንድ ሰዓት ይወስዳል። ሲመሽ በሩ ይከፈትና ዳኛው «ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም?» ብለው ይጠይቃሉ። ሊቀመንበራችን ጉሮሯቸውን ጠርገው ይነሣሉ። «የተከበረው ፍርድ ቤት፤ አስታርቀናቸዋል። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ እቁባችን ይጣላል፣ እርስዎም ቢገቡ ደስ ይለናል።»

ይሁን እንጂ ሳይማሩ መፍረድ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። በቀደመው ዘመን ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ተጣልተው አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው በቆመበት መቆም ነበረበት። ከዚያ የሚያልፈውን መንገደኛ ይይዙና «ዳኘን» ይሉታል። አህያውን እየነዳ ወደ ገበያ የሚገሰግሰው ሰው ሳያስበው ዳኛ ሆኖ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል። እሱ ካልቻለ ወደ በላዩ ዳኛ ሲሄዱ የከሳሹና የተከሳሹ ልብስ ጫፍና ጫፉ ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆነው አብረው ይጓዛሉ። እስቲ ዛሬ ሁለት የመሬት ተካሳሾችን ኩታ ለኩታ ቋጥሮ ከእኛው ቱሉ ዲምቱ ልደታ ፍርድ ቤት ድረስ በአንድ ሚኒባስ መላክ ነው። ሒሳቡን ማን ይክፈል በሚለው ሌላ መዝገብ ይከፈታል።

ችሎቱ ራሱ ትርዒት ነበር። ተሟጋቹ በላ ልበልሃ እያለ፣ በማር በበቅሎ እየተወራረደ ይከራከራል፤ ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ ያዳምጣል። በትልልቆቹ ችሎቶች የተቀመጡት ሰዎች ፍርዳቸውን የሚሰጡት ከታችኛው ጀምሮ ነው፤ የሁሉም የበላይ መጨረሻ ላይ ይናገራል። ይህን ሥርዓት ያወጣው ሰው የዋዛ አልነበረም። አለቃ ከተናገረ በኋላ የሚሰጥ አስተያየት ምን እንደሚመስል፣ መሥሪያ ቤት ተሰብስቦ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

ከሁሉም ለጁሪ የሚቀርበው ግን አፈርሳታ ነው፤ አውጫጭኝም ይሉታል። ከብት ተሰርቆ ወይም ቤት ተቃጥሎ አድራጊው ካልታወቀ የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይጠራል። መቅረት የለም፣ የቀረ ይቀጣል። የመጣውም ጥፋተኛው እስኪወጣ ወደ ቤቱ አይመለስም። ፀሐዩም ዝናቡም እዚያው ነው። በግልጽ መናገር የፈራ ሰው በምስጢር ለተመረጡ ሽማግሌዎች ሹክ ይላል፤ ሽማግሌዎቹም ማን እንደነገራቸው ሲጠየቁ «ወፍ ነገረን» ይላሉ። ወንጀለኛው ካልተገኘ ኪሣራውን አገሬው አዋጥቶ የሚከፍልበት ጊዜም ነበር። እንግሊዞቹ በዚህ ይስቁ ይሆናል። እነሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1670 ለንደን ውስጥ ዊልያም ፔን የተባለን ተከሳሽ «ጥፋተኛ ነው» አንልም ያሉ ጁሪዎችን ያለ እህል፣ ያለ ውሃና ያለ እሳት ቆልፈውባቸው አሳድረዋል። የእኛዎቹ ቢያንስ ሜዳ ላይ ነበሩ፤ አየር ነበራቸው።

በእኛ ዕድሜም ጎረቤት ጎረቤቱን ዳኝቷል። ደርግ በ1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ ቀበሌን አቋቋመ፤ ቀበሌውም የራሱ ፍርድ ሸንጎ ነበረው። በኋላም በ1995 የወጣው የአዲስ አበባ ቻርተር የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች እስከ 5,000 ብር የሚደርስ የገንዘብና የንብረት ክርክር እንዲያዩ ፈቀደ። ዳኞቹ የሰፈር ሰዎች ነበሩ። የጋራ መጸዳጃ ቤት ቁልፍ፣ የጣሪያ ውሃ ወደ ማን ግቢ ይፍሰስ፣ የማን ዶሮ የማንን ጎመን በላች፤ እንዲህ ያለውን ነገር መቼም ሕግ ተምሮ የመጣ ዳኛ አይችለውም። የዶሮዋን ጠባይ የሚያውቅ ያስፈልጋል።

ዛሬ ለአብዛኞቻችን በፍርድ ቤት የቀረልን ወንበር የምስክሩ ነው። በዕጣ ሳይሆን በዕድል ይደርሳል። እኛ ሰፈር ዕድሉ ብዙውን ጊዜ በከባድ መኪና ተጭኖ ይመጣል። ተሳቢ የሚጎትት የጭነት መኪና ባጃጅ ይገጫል እንበል። በደቂቃ ውስጥ መቶ ሰው ይሰበሰባል፤ መቶውም ከመጀመሪያው ጀምሮ አይቷል፣ መቶውም ፍሬኑን፣ ፍጥነቱንና የሾፌሩን አስተዳደግ ይተነትናል። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ከኪሱ እስክሪብቶ ሲያወጣ ግን ተአምር ይታያል። አንዱ አሁን ከታክሲ መውረዱ ነው፣ አንዷ ድስት ጥዳ መጥታለች፣ አንዱ «እኔ የሰፈሩ ሰው አይደለሁም» ይላል፤ ሱቁ እዚያው ፊት ለፊት ክፍት ሆኖ። በመጨረሻ የሚቀረው አሮጊት የሚያሻግር አንድ የዋህ ሰው ነው። ያ ሰው እርስዎ ከሆኑ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ለእርስዎ የተጻፈ ነው።

መጥሪያው ቀን፣ ሰዓት፣ የመዝገብ ቁጥርና የችሎቱን ስም ይዟል። ሰዓቱ ከጠዋቱ 3፡00 ቢል በ3፡00 ይጀመራል ማለት አይደለም፤ ግን በ3፡00 መገኘት አለብዎት። ባይሄዱስ? በቂ ምክንያት ሳይኖረው የቀረን ምስክር ፍርድ ቤት በፖሊስ ተይዞ እንዲቀርብ ያዛል። ያን ጊዜ ደግሞ የእናትዎ ነጠላ አለቦታው የተዘቀዘቀ አይሆንም። መታወቂያ ይያዙ፣ በር ላይ ፍተሻ አለ። ደህና ልብስ ይልበሱ፤ ለቅሶ ቤት የሚለብሱት ጃኬት ይበቃል። ቁርስ ጠንከር አድርገው ይብሉ።

ግቢው ከገቡ በኋላ ከዳኛው በፊት ማወቅ ያለብዎት ሰው ችሎት አስከባሪው ነው። በሩ ላይ ቆሞ ስም የሚጠራ እሱ ነው። የአባትዎን ስም ሊያበላሽ ይችላል፤ አይከራከሩት፣ «አቤት» ይበሉ። ሌላ አባት ተሰጠኝ ብለው ዝም ያሉ እንደሆነ «ምስክር አልቀረበም» ተብሎ ይጻፋል፣ ወደ ቀደመው አንቀጽ እንመለሳለን።

ምስክር ሌላው ምስክር የሚለውን እንዳይሰማ ውጪ ይጠብቃል። ስለዚህ ቀንዎን የሚያሳልፉት አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ማንም አስቀድሞ የማይነግርዎት ነገር እዚህ አለ፤ በዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ የተከሳሹ እናት ተቀምጠዋል። ሰላም ላለማለት አስተዳደግዎ አይፈቅድም። ሰላም ካሉ ደግሞ ጤና መጠየቅ ይከተላል፤ ከጤና በኋላ የልጆች፣ ከልጆች በኋላ የኑሮ ውድነት። አምስት ሰዓት ላይ እናትየው ከነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ይፈቱና «እንካ ልጄ፣ ዝገን» ይላሉ። አሁን ችግር ነው። ባይዘግኑ ነውር፣ ቢዘግኑ ደግሞ ከወዲያ በኩል የተበዳይ ወንድም ዓይኑን ሳይነቅል ያያል። ስለ ጉቦ የሚናገረውን ሕግ ቢያገላብጡ ቆሎ ስንት እፍኝ ሲሆን ጉቦ እንደሚባል አያገኙም። አንድ ጎረቤቴ መፍትሔ አግኝቶለታል፤ ከእናትየው ቆሎ ዘግኖ ግማሹን ለተበዳይ ወንድም ያካፍላል። ሦስቱም እያላመጡ ሲጠብቁ ማን የማን እንደሆነ ፖሊሱም ግራ ይገባዋል።

ሊመሻሽ ሲል «ተለዋጭ ቀጠሮ» የሚባል ነገር ሊመጣ ይችላል። አንዱ ምስክር ቀርቷል፣ ወይም ተከሳሹን ከማረሚያ ቤት ያመጣው የለም፣ ወይም ዳኛው ሥልጠና ላይ ናቸው። ደጋግሞ የተጠራ ሰው እንደሚነግርዎት፣ በዚህ ጊዜ መቆጣት አይጠቅምም። በተለይ ችሎት ውስጥ አይቆጡ፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 449 ችሎት መድፈርን እስከ አንድ ዓመት በሚደርስ ቀላል እሥራት ወይም እስከ 3,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ምስክር ሆኖ ገብቶ ተከሳሽ ሆኖ መውጣት ማለት ይኸው ነው። ወሩንም አይተው ይጠይቁ። ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ለዕረፍት ስለሚዘጉና አስቸኳይ ጉዳይ ብቻ በተረኛ ችሎት ስለሚታይ፣ በሐምሌ መጨረሻ የተላለፈ መዝገብ ጥቅምት ላይ ሊያገኝዎት ይችላል። እስከዚያ ያዩትን እንዳይረሱ ቤት ውስጥ ለማንም አይተርኩት። በተተረከ ቁጥር መኪናው ፍጥነት ይጨምራል።

በመጨረሻ ስምዎ ይጠራል። ገብተው ይቆማሉ፣ እንደ እምነትዎ ይምላሉ። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ ሥራ ይጠየቃሉ፤ ተከሳሹን ያውቁት እንደሆነ፣ ዝምድና ወይም ጠብ እንዳለዎትም። ከዚያ ዐቃቤ ሕጉ «የሚያውቁትን ለፍርድ ቤቱ ያስረዱ» ይልዎታል፤ ፈተናው እዚህ ላይ ይጀምራል። እኛ ወሬ ከሥሩ ካልጀመርን አይሆንልንም። «እንግዲህ የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ነገሩ የጀመረው የጥምቀት ዕለት ነው፤ ባለቤቴ እህቷ ዘንድ ሄዳ...» ሲሉ ዳኛው «ወደ ጉዳዩ ይግቡ» ይላሉ። ስለ ባጃጅ ሹፌሩ ደግነት ሰፈሩ የሚያወራውን ሊነግሩ ሲሉ «የሰሙትን ሳይሆን ያዩትን» ይባላሉ። መኪናው ምን ያህል ራቅ ብሎ እንደነበር ሲጠየቁ በእጅዎ እያሳዩ «ከዚህ እስከዚያ ግድግዳ» ካሉ ደግሞ መቅረጸ ድምፁ ግድግዳ አያይም። በሜትር ይገምቱ። ሰዓቱንም «ከምሳ በኋላ» ማለት አይበቃም፤ የማን ምሳ?

ቀጥሎ የተከሳሽ ጠበቃ ይነሣል። ሲጀምር ትሑት ነው፣ «አባቴ» ይልዎታል፤ ይጠንቀቁ። መነጽር ያደርጉ እንደሆነ ይጠይቃል። መሽቶ እንደነበር ያስታውስዎታል። «ለመሆኑ በዚያ ሰዓት የመንገዱ መብራት በርቶ ነበር?» ይላል። ይህን ጥያቄ ለአቃቂ ሰው መጠየቅ ጭካኔ ነው። በርቶ ነበር ቢሉ ሰፈርተኛው ራሱ አያምንዎትም፤ ጠፍቶ ነበር ቢሉ «ታዲያ በምን አዩ?» ይመጣል። ያዩት በመኪናው በራሱ መብራት ከሆነ ያንኑ ይበሉ። ካላስታወሱም «አላስታውስም» ይበሉ፤ ይህ ፍርድ ቤት ውስጥ ሙሉ መልስ ነው። ለማሳመር ብለው የሚጨምሩት ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ በሐሰት መመስከር በራሱ የሚያሳስር ወንጀል ነው።

ሰዎች ከምስክርነት የሚሸሹት ሕጉን ፈርተው አይመስለኝም። ጎረቤትን ፈርተው ነው። ለከባድ ወንጀሎች የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ ለባጃጅ ግጭት ግን ማንም ስምዎን ደብቆ ሌላ ከተማ አያሰፍርዎትም። የመሰከሩበት ሰው እሑድ የእድር ድንኳን ሲተከል ካስማውን ከወዲያ ጫፍ የሚይዘው ነው። እኛ ሰፈር የሆነውን ልንገርዎት፤ እንዲሁ ባጃጅ የገጨ ሾፌር ተፈርዶበት ተቀጣ፣ ቅጣቱን ጨርሶ ወጣ፣ ከመሰከረበት ጎረቤቴ ጋር አንድ ድንኳን ይተክላሉ። ብዙ አያወሩም፤ ግን «ገመዱን ሳበው» ይባባላሉ። ባይመሰክርበት ኖሮ የባጃጁ ሹፌር ቤተሰብ የካሳ ክርክሩን በምን ያሸንፍ ነበር? ያ ቤተሰብም የእድሩ አባል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ወንበሩ ላይ ሲጠብቁ ማንም አይነግርዎትም። የተጠሩት በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ከሆነ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ምስክር ያስጠራው ወገን የምስክሩን የመጓጓዣና የአበል ወጪ እንዲሸፍን ያዛል። አብዛኛው ሰው በይሉኝታ ሳይጠይቅ በራሱ ታክሲ ይመለሳል። እርስዎ ግን ይጠይቁ፤ ከቱሉ ዲምቱ ደርሶ መልስ ቀላል ገንዘብ አይደለም።